ሲኒማ ኢምፔሮ፣ አስመራ፦ አባቴ መብራቱን የቆጠረበት ሕንፃ

ዘምባባ_ጥላ (አዲስ አበባ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ሳምንት የአባቴን አሮጌ ሻንጣ ሳጸዳ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አገኘሁ። አባቴ በወጣትነቱ፣ ክራቫቱን አስሮ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ከአንድ ግዙፍ ሕንፃ ፊት ቆሟል። ከኋላው ከላይ ወደ ታች በተደረደሩ የላቲን ፊደላት «ሲኒማ ኢምፔሮ» የሚል ይነበባል። ፎቶው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ «አስመራ፣ 1962 ዓ.ም.» ተብሎ ተጽፏል።

አባቴ በዚያን ጊዜ አስመራ ውስጥ አስተማሪ ነበር። ዛሬ ዕድሜው ሰማንያን አልፏል፤ ስለዚያ ዘመን ሲጠየቅም ብዙ አይናገርም። ፎቶውን ሳሳየው ረጅም ጊዜ ተመለከተውና «ፊት ለፊቱ ላይ ያሉትን መብራቶች በየማታው እቆጥራቸው ነበር፤ አርባ አምስት ናቸው» አለኝ። ለምን እንደሚቆጥራቸው ብጠይቀው ዝም አለ።

ስለዚህ ሕንፃ የምታውቁትን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ማን ሠራው? ለማን ተሠራ? የእኛ ሰዎች ይገቡበት ነበር? በእርግጥስ መብራቶቹ አርባ አምስት ናቸው?

---

ፒያሳ_ልጅ (አዲስ አበባ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:34

እኅቴ፣ ይህ እዚሁ ፒያሳ ያለው ሲኒማ ኢምፓየር አይደለም? ምናልባት አባትሽ ከተማውን አምታተውት እንዳይሆን።

---

ኖራና_ድንጋይ (አዲስ አበባ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

አልተምታታባቸውም። የአዲስ አበባው ኢምፓየርና የአስመራው ኢምፔሮ በስም ይቀራረባሉ እንጂ ሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች ናቸው። የሕንፃ ንድፍ አስተምራለሁ፤ ይህን ሕንፃ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ ስለማሳያቸው ትንሽ ልዘርዝር።

ሲኒማ ኢምፔሮ የተሠራው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። ነዳፊው ማርዮ ሜሲና የተባለ ጣሊያናዊ አርክቴክት ነው። አሠራሩ አርት ዴኮ የሚባለው፣ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተስፋፋው የሕንፃና የጌጥ ስልት ነው፤ በዓለም ላይ በዚህ አሠራር ከተሠሩት ሲኒማ ቤቶች መካከል እጅግ ካማሩት አንዱ እንደሆነ ብዙ ባለሙያዎች ይመሰክሩለታል፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ።

ፊቱን ልብ ብላችሁ እዩት። ሦስት ታላላቅ መስኮቶች ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ አግድም መስመሮች ደግሞ ያቋርጧቸዋል። ዓይን ወደ ላይ ሲሳብ አግድሙ መልሶ ይይዘዋል። በዚህ መካከል እንደ መርከብ መስኮት ክብ የሆኑ መብራቶች ተደርድረዋል። አዎን፣ አባትሽ ልክ ናቸው፤ ቁጥራቸው 45 ነው። ቀን ቀን ጌጥ መስለው ይቀመጣሉ፤ ሲመሽ ግን የሕንፃውን ፊት የሚሠሩት እነርሱ ናቸው። ሜሲና የነደፈው ሁለት ሕንፃ ነው ብዬ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፤ አንዱ የቀን፣ አንዱ የማታ።

ውስጡ ወደ 1,800 ሰው ይይዛል። በዚያ ዘመን በአስመራ ከተሠሩት ሲኒማ ቤቶች ትልቁ እርሱ ነው። የመግቢያው እብነ በረድ፣ የሚያብረቀርቀው የክሮም እጀታና መስተዋቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበሩ ናቸው። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በኖራ የተቀረጹ አንበሶች፣ ኒያላዎች፣ የዘምባባ ዛፎችና ጨፋሪዎች አሉ። አውሮፓዊ ሰው አፍሪካን በሐሳቡ እንዴት ይስላት እንደነበር ከዚያ ግድግዳ በላይ የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

---

ፒያሳ_ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:52

መምህር፣ ስለ እርማቱ አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። 1937 ማለት እኮ የእኛ 1929 እና 1930 ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በዚህ ከተማ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። አያቴ ከዚያ ዕልቂት የተረፈችው ጉድጓድ ውስጥ ተደብቃ ነው። እንግዲህ በዚያው ዓመት፣ በዚያው አገዛዝ ሥር፣ እብነ በረድ የተነጠፈለትን ሕንፃ «አማረ» ብዬ ለማድነቅ ልቤ እሺ አይለኝም። ስሙስ ቢሆን? «ኢምፔሮ» ማለት «የንጉሠ ነገሥት ግዛት» ማለት አይደለም? የማን ግዛት?

---

ኖራና_ድንጋይ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:15

ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ልሸሸውም አልፈልግም።

ስሙ የተሰጠው በቀጥታ እኛን በመውረራቸው ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦራቸው አዲስ አበባ ገባ፤ ከአራት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 1 ቀን፣ ሙሶሊኒ ሮም ላይ «የጣሊያን ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት» መመሥረቱን አወጀ። ሲኒማ ቤቱ በማግሥቱ ዓመት ተሠርቶ የዚያን አዋጅ ስም ተሸከመ። ስለዚህ ሕንፃው የቆመው አስመራ ላይ ቢሆንም ስሙ የሚናገረው ስለ አዲስ አበባ ነው።

ሲኒማ ቤት መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው በ1937 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ውስጥ ሙሶሊኒ ሮም ላይ ቺኔቺታ የተባለውን የፊልም ከተማ መረቀ፤ ሲኒማ ከሁሉ የበረታ የጦር መሣሪያ ነው የሚለውም የአገዛዙ መፈክር ነበር። በጣሊያን ሲኒማ ቤቶች ከፊልሙ ጋር የሉቼ ተቋም የሚያዘጋጀውን የዜና ፊልም ማሳየት በሕግ ግዴታ ነበር። ወታደሩና ሠራተኛው ለመዝናናት ገብቶ የዱቼውን፣ የሙሶሊኒን፣ ድል ሳያይ አይወጣም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ሕንፃውን አስተምራለሁ። መስመሩ የተዋጣለት ነው፤ የተሠራበት ዓላማ ክፉ ነበር። ሁለቱንም ካልነገርኳቸው ለተማሪዎቼ ግማሽ ትምህርት ነው የሰጠኋቸው።

---

ኮምቢሽታቶ (ስቶክሆልም)
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:05

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ አስመራ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አማርኛን የተማርኩት በጃንሆይ ጊዜ በትምህርት ቤት ነው፤ ያን ጊዜ ወደንም ሳንወድም የተማርነው ቋንቋ ነበር፤ ዛሬ ግን ከእናንተ ጋር ስላገናኘኝ አልጠላውም።

ይህን ስም ለምን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ፤ ከጥያቄው ጋር ይገናኛል። ሲኒማ ኢምፔሮ ያለበትን የከተማውን መካከል እኛ የአስመራ ልጆች «ኮምቢሽታቶ» እንለዋለን። ብዙ ወጣት ቃሉ ትግርኛ ይመስለዋል። ከጣሊያንኛው «ካምፖ ቺንታቶ» የመጣ ነው፤ «የታጠረ ሰፈር» ማለት ነው። ለነጮች የታጠረ። ያገሬው ሰው ለሥራ ካልሆነ አይገባበትም ነበር። ሕዝባችን መኖሪያው በስተሰሜን አባሻውልና አካባቢው ነበር፤ መንገዱ ያልተጠረገ፣ ቤቱ የተፋፈገ ሰፈር። በ1939 እ.ኤ.አ. ከከተማው ወደ 98,000 ከሚጠጋ ነዋሪ 53,000 ያህሉ ጣሊያናውያን ነበሩ። ለእነዚያ ነበር ኢምፔሮ፣ ለእነዚያ ነበር ኦዴዮን፣ ሮማና ካፒቶል። አራቱም በሁለት ዓመት ውስጥ የቆሙ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በ1937፣ ካፒቶል በ1938 እ.ኤ.አ.።

እንግዲህ ልጄ ዘምባባ፣ «የእኛ ሰዎች ይገቡበት ነበር?» ላልሽው፣ በጣሊያን ጊዜ መልሱ «አይገቡም ነበር» ነው። የዘር ሕጋቸው በአውቶቡስም በቡና ቤትም በሲኒማም ለይቶን ነበር። ደረጃውን የጠረበው፣ ሲሚንቶውን የተሸከመው ግን የእኛ ሰው ነው።

ለፒያሳው ወንድሜ ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። የካቲት 12 የእናንተ ብቻ ሐዘን አይደለም። ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የኤርትራ ልጆች ናቸው። ያ ቀን ስንት ነገር እንዳስተሳሰረን አስብ።

---

ፒያሳ_ልጅ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:40

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የአብርሃንና የሞገስን ስም በየዓመቱ በስድስት ኪሎው ሐውልት ሥር እሰማለሁ፤ ከዚህ ሕንፃ ጋር አያይዤ ግን አስቤው አላውቅም ነበር። «የታጠረ» ያሉት ነገር ቀኑን ሙሉ ያሳስበኛል።

አንድ ልጠይቅዎት፤ ታዲያ መቼ ገባችሁ?

---

ኮምቢሽታቶ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:30

አባቶቻችን ቀስ በቀስ ነው የገቡት። እንግሊዞች ከረንን ሰብረው በ1941 እ.ኤ.አ. መጋቢት መጨረሻ ላይ ወደ አስመራ ሲቃረቡ ከተማው ሳይዋጋ እጁን ሰጠ፤ ሚያዝያ 1 ቀን ገቡ። ሕንፃዎቹ ሳይደበደቡ የተረፉት በዚህ ምክንያት ነው። እንግሊዝም ቢሆን ነጭና ጥቁርን መለየቱን በአንድ ጀምበር አልተወም፤ ግን አጥሩ ላላ።

እኔ የማስታውሰው ከፌዴሬሽኑ በኋላ ያለውን ነው። ኢምፔሮ ስንገባ ልብሳችን ተተኩሶ፣ ጫማችን ተወልውሎ ነው። እናቴ «ሲኒማ ነው ቤተ ክርስቲያን ነው የምትሄደው?» ትለኝ ነበር። የፊልሙ ንግግር ብዙ ጊዜ በጣሊያንኛ የተተካ ነው፤ አሜሪካዊው ባለ ፈረስ ሳይቀር ጣሊያንኛ ይናገራል። የሰፈራችን ልጆች ጣሊያንኛ የተማሩት ከክፍል ይልቅ ከዚያ ነው። በኋላ የሕንድ ፊልም መጣ፤ ያን ጊዜ የሴቶቹ ልቅሶ እስከ ውጭ ይሰማ ነበር።

ከፊልሙ በፊት ወይም በኋላ ግን የማይቀር ነገር አለ፤ የማታው ሽርሽር። ሰው ሁሉ ለብሶ ከዘምባባዎቹ ሥር፣ ከካቴድራሉ እስከ ኢምፔሮና ከዚያም ወዲያ ይመላለሳል። ሰላምታው፣ መተያየቱ፣ የታጨችው ልጅ ከአክስቷ ጋር ስታልፍ ቀና ብሎ አለማየቱ፣ እርሱ ራሱ አንድ ፊልም ነበር። ከሲኒማው አጠገብ ያለው ባር ማኪያቶ ቆሞ ለመጠጣት የሚመረጥ ነበር። አባትሽ ፎቶውን የተነሣው ምናልባት ከዚያ እንደወጣ ይሆናል።

ሌላም ልብ በሉ። መንገዱ በየመንግሥቱ ስም ተቀይሮለታል፤ በሙሶሊኒ ተጠራ፣ በጣሊያን ተጠራ፣ በኃይለ ሥላሴ ተጠራ፣ በደርግ ጊዜ ብሔራዊ ጎዳና ተባለ፣ ዛሬ ሓርነት ነው። ሲኒማውን ግን ማንም አልነካውም። ስሙን ሁሉ ይጠራዋል፤ የስሙን ትርጉም ግን ማንም አያስበውም። ለእኛ ኢምፔሮ ማለት የቀጠሮ ቦታ ማለት ነበር። «ኢምፔሮ ጋ እንገናኝ» ከተባለ አለቀ።

---

የካርቦን_ብርሃን (ዋሽንግተን)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:48

ይህን ክር ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። በወጣትነቴ በአስመራ ሲኒማ ቤቶች በአንዱ የኦፕሬተር ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። ኢምፔሮ አልነበረም፤ ግን ኦፕሬተሮቹ እርስ በርሳችን ስለምንተዋወቅ የእርሱንም ማሳያ ክፍል ብዙ ጊዜ ገብቼበታለሁ። ሰው ስለ ሕንፃው ፊት ያወራል፤ ስለ ጀርባው ልንገራችሁ።

የማሳያው ክፍል ከአዳራሹ በላይ ከኋላ ነው። ጠባብ ነው፤ ይሞቃል። ወደ አዳራሹ የሚያዩት መስኮቶች ትንንሽ ናቸው፤ የብረት መዝጊያ አላቸው። የድሮው ፊልም ከናይትሬት የሚሠራ ስለነበረ አንዴ እሳት ከያዘው ውኃም አያጠፋውም። ስለዚህ ክፍሉ የሚሠራው እሳት ከተነሣ መዝጊያው ወርዶ ሕዝቡን ከኦፕሬተሩ እንዲለይ ተደርጎ ነው። አለቃዬ በመጀመሪያው ቀን ያሳየኝ ያንን መዝጊያ ነው፤ «ይህ ሲወድቅ አንተ በዚህ በኩል ነህ» አለኝ። እኔ በሠራሁበት ጊዜ የማይቀጣጠለው ፊልም መጥቶ ነበር፤ ቢሆንም ማጨስ ክልክል ነበር።

ማሽኑ ሁለት ነው። አንድ ጥቅል 600 ሜትር ፊልም የሚቆየው 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ፊልሙ በሰከንድ 24 ሥዕል ያልፋል። ስለዚህ አንዱ ማሽን ሲያሳይ በሁለተኛው ላይ ቀጣዩን ጥቅል ታስገባለህ፤ ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል በሥዕሉ ቀኝ ማዕዘን ላይ ትንሽ ክብ ምልክት ብልጭ ትላለች። የመጀመሪያዋ ስትታይ ሁለተኛውን ሞተር ታስነሣለህ፤ ሰባት ሰከንድ ያህል ቆይታ ሁለተኛዋ ስትታይ ብርሃኑን ትቀይራለህ። በደንብ ከተሠራ አዳራሹ ውስጥ ያለው 1,800 ሰው ምንም አያውቅም። ካመለጠህ ሸራው ነጭ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፉጨቱን አትጠይቁኝ።

ብርሃኑ የሚመጣው ከአምፖል አይደለም። ሁለት የካርቦን ዘንጎች አፍ ለአፍ ይቀራረባሉ፤ ኤሌክትሪኩ በመካከላቸው ሲዘል የፀሐይ ዓይነት ብርሃን ይፈጠራል። በባዶ ዓይን አታየውም፤ በጥቁር መስተዋት ነው። ዘንጎቹ እየተቃጠሉ ያጥራሉ፤ ስለዚህ እጅህ ከማስተካከያው አይለይም። ብርሃኑ ከተለወጠ ርቀታቸው ተዛብቷል ማለት ነው። ጭሱ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ የተረፈው ሳንባህ ውስጥ ይገባል። ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ የእጄ ሽታ የተቃጠለ መዳብ ነበር፤ ዘንጉ በመዳብ የተለበጠ ነው።

የኢምፔሮ ማሽኖች ከሕንፃው ጋር የመጡ፣ ከ1937 ጀምሮ የነበሩ ናቸው። ብረታቸው ከባድ ነው፤ ዘይታቸው ከተጠበቀ የሚሞቱ አይመስሉም። የድሮ ኦፕሬተሮች እንደ ሕፃን ያሹዋቸው ነበር።

በደርግ ጊዜ ሁሉም ነገር ተለወጠ። ሲኒማ ቤቶቹ ተወረሱ። ከዚያ የባሰው ሰዓት እላፊው ነው። ከተማው በጊዜ ስለሚዘጋ የማታው ፊልም ቀረ፤ ቀን ቀን ግን ሰው ሲኒማ ለመግባት ፈራ። መብራቱም አንዳንዴ ይበራል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይበራም። ካገር የወጣሁት ያን ጊዜ ነው። የመጨረሻዋን ማታ በኢምፔሮ በኩል ሳልፍ ፊቱ ጨለማ ነበር። ሌላ ምንም አላስታውስም።

---

ኖራና_ድንጋይ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

ጋሼ፣ ይህን የጻፉትን ለተማሪዎቼ ላነብላቸው ፈቃድዎን እለምናለሁ። ስለዚህ ሕንፃ ስናገር ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ስለ ብረት መዝጊያው አንድም ቀን አልተናገርኩም።

---

የካርቦን_ብርሃን
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:02

አንብብላቸው ወንድሜ። የመዝጊያውን ነገር ግን ዝም ብለህ አትለፈው፤ በየትኛው በኩል ሰው እንደሚቀር ጠይቃቸው።

---

ሐምሌ_አስራአንድ (አዲስ አበባ)
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:10

እኔ ከሁላችሁም ታናሽ ሳልሆን አልቀርም፤ ያየሁትን ብቻ ልጨምር። ስሜን የወሰድኩት ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው አውሮፕላን ከተነሣበት ቀን ነው። እኔ በዚያ አውሮፕላን አልነበርኩም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው ከእናቴ ጋር የሄድኩት። እናቴ የተወለደችው እዚያ ነው።

ኢምፔሮ ፊት ለፊት የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። ቀለሙ እንደ ወይን ጠጅ ደማቅ ቀይ ነው፤ በፎቶ ካየሁት ሁሉ ይለያል። በሩ ክፍት ስለነበር ወደ መግቢያው ገባን። እብነ በረዱ በመካከሉ፣ ብዙ ሰው በረገጠው መንገድ ላይ፣ ትንሽ ጎድጉዷል። እናቴ ጫማዋን አወለቀችና በእግሯ ዳሰሰችው። በር ላይ የነበሩት ሰውዬ አላናገሩንም፤ ዝም ብለው ዞር አሉልን።

ወደዚያ የሄድኩት የፒያሳ ልጅን ዓይነት ሐሳብ ይዤ ነበር። ጣሊያን የሠራውን ለማድነቅ ምን አስቸኮለን እል ነበር። ያ የጎደጎደ እብነ በረድ ግን ጣሊያን የሠራው አይደለም። ጣሊያን እኮ እዚያ ሕንፃ ውስጥ የቆየው አራት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሰማንያ ዓመት የማን ነው?

---

ፒያሳ_ልጅ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5:25

እኅቴ፣ ያልሽው ገብቶኛል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አላሳመነኝም። ስሙ አሁንም እዚያ ተሰቅሏል። እኔ ብሆን ስሙን አወርደውና ፊደሉን ሙዚየም አስቀምጠው ነበር።

እንዲህ ያለ ሕንፃ ይፍረስ የሚለውን የቀድሞ ሐሳቤን ግን ቀይሬአለሁ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ቆሜ አይቻለሁ። ያደግሁበት ግቢ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሜዳ ሆነ። ከዚያ በኋላ የልጅነቴን ነገር ለልጄ ልነግረው ስፈልግ እጄን የምጠቁምበት ቦታ አጣሁ። ለአስመራ ሰው ይህ እንዲደርስበት አልመኝም።

---

ኖራና_ድንጋይ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:15

ስለ መፍረስ ካነሣህ፣ አስመራ እንዴት እንደተረፈች መናገር ያስፈልጋል። መጀመሪያ ያዳናት ጥበቃ አይደለም። ጋሽ ኮምቢሽታቶ እንዳሉት በ1941 ሳትደበደብ ተረፈች፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ረጅሙ ጦርነት በመካከሏ አዲስ ሕንፃ የሚገነባበት ገንዘብም ሰላምም አልሰጣትም። ሌሎች ከተሞች የድሮውን አፍርሰው መስተዋት ሲያቆሙ እርሷ እንዳለች ቆየች። በ2001 እ.ኤ.አ. ታሪካዊው የከተማ ክልል ተከልሎ ግንባታ ታገደበት። ሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ አስመራን በዓለም ቅርስነት መዘገባት፤ ለኤርትራ የመጀመሪያው ምዝገባ ነው። ኢምፔሮ ከዚያ ምዝገባ ዋና ዋና ሕንፃዎች አንዱ ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ስሕተት ላርም፤ በየቦታው ይነገራልና። ግንበኛው ድጋፉን ለማንሣት ፈርቶ ነዳፊው ሽጉጥ ደገነበት የሚባለው ታሪክ የኢምፔሮ አይደለም። የፊያት ታሊዬሮ የነዳጅ ማደያ ነው፤ ክንፎቹ ያለ ምሰሶ የተዘረጉት፣ ጁዜፔ ፔታዚ በ1938 እ.ኤ.አ. የሠራው።

የእኛንም ሀገር አንርሳ። አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ቴአትር በወረራው ዘመን «ሲኒማ ማርኮኒ» ተብሎ የተጀመረ ሕንፃ ነው። ሳይጨርሱት ሄዱ። በኋላ ለጃንሆይ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ተጠናቅቆ ቴአትር ቤት ሆነ። ያንን ሕንፃ ዛሬ «የጣሊያን ነው» የሚል ሰው አላጋጠመኝም፤ እዚያ የተጫወቱት ተዋንያንና ያለቀሰው ተመልካች የእኛ አድርገውታልና። ሐምሌ እኅታችን ያለችው ይህንኑ ይመስለኛል።

---

ፒያሳ_ልጅ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:00

የብሔራዊ ቴአትሩን አላውቅም ነበር። በልጅነቴ ስንት ጊዜ ተሰልፌበታለሁ። ይህን ላስብበት።

---

ዘምባባ_ጥላ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:40

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ይህን ክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለአባቴ አነበብኩለት። ስለ ካርቦኑ ስደርስ «ድገሚው» አለኝ፤ ደገምኩለት። ጋሽ ኮምቢሽታቶ «ደረጃውን የጠረበው የእኛ ሰው ነው» ያሉበት ላይ ስደርስ ግን እጁን አንሥቶ አስቆመኝ። ከዚያ ለምን ይቆጥር እንደነበር ነገረኝ።

አስመራ ሳለ በአንድ ክፍል አብሮት የሚያስተምር የአባሻውል ልጅ ጓደኛ ነበረው። የዚህ ጓደኛው አባት ኢምፔሮ ሲሠራ የቀን ሠራተኛ ነበሩ። መሰላል ላይ ሆነው የፊቱን ክብ መብራቶች ቀዳዳ ሲያስተካክሉ ከረሙ። ሕንፃው ሲመረቅ ከመንገዱ ማዶ እንኳ ቆመው እንዲያዩ አልተፈቀደላቸውም። ጣሊያን ከሄደ በኋላ ልጃቸው ስንት ጊዜ «ልውሰድዎት» ቢላቸው እምቢ አሉ። «ያኔ ያላስገባኝ በር ዛሬ አያስገባኝም» ይሉ ነበር።

ዓይናቸው ሲደክም ከቤት መውጣት ተዉ። ልጃቸው ማታ ሲገባ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁታል፦ «ሁሉም በርተዋል?» እርሱም እንዳይዋሻቸው ከአባቴ ጋር ሆኖ በየማታው በኢምፔሮ በኩል ያልፋሉ። አባቴ ከግራ ይጀምራል፤ ጓደኛው ከቀኝ፤ መካከል ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ጠፍቶ ከሆነ የትኛው እንደሆነ ጭምር ለአባትየው ይነገራቸዋል። እርሳቸውም «እርሱማ ድሮም ያስቸግር ነበር» ይላሉ።

ፎቶውን ያነሣው ያ ጓደኛው ነው። አባቴ ወደ አዲስ አበባ ከተዛወረ በኋላ ጥቂት ደብዳቤ ተጻጻፉ፤ ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ደብዳቤው ቆመ። ዛሬ በሕይወት ይኑር አይኑር አያውቅም።

ሐምሌ እኅቴ፣ አባቴ አንድ ነገር እንድጠይቅሽ ልኮኛል። አንቺ በሄድሽበት ማታ ስንቱ በርቶ ነበር?

---

ሐምሌ_አስራአንድ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:05

አልቆጠርኩም። አሁን ቆጥሬ በነበረ ኖሮ ብዬ እየተቆጨሁ ነው። ግን እናቴ የቀረጸችው አጭር ቪዲዮ አለ፤ ነገ ከስልኳ ላይ አውጥቼ አንድ በአንድ እቆጥርላቸዋለሁ።

---

ኮምቢሽታቶ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12:50

ልጄ ዘምባባ፣ ሌሊቱን አልተኛሁም። አባሻውል ትንሽ ሰፈር ነበረች፤ በዚያ ዘመን አስተማሪ የሆነ ልጇ ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው። የጓደኛውን ስም እዚህ አትጻፊው። በግል መልእክት ላኪልኝ፤ የአባቱንም ስም አባትሽ ካስታወሰው ጨምሪበት። እኅቴ አሁንም እዚያው ትኖራለች፤ እሑድ ስደውልላት እጠይቃታለሁ።